ጣርማ በርን በማን ስም እንጥራው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ጣርማ በርን ሳያውቅ አይቀርም። ደብረ ብርሃን ከኋላ ቀርታ፣ የገብሱና የባቄላው ሜዳ አልቆ፣ ጉሙ የመኪናውን መስተዋት መዳሰስ ሲጀምር መንገዱ ተራራው ሆድ ውስጥ ይገባል። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በጨለማ ተጉዘው በወዲያኛው አፍ ሲወጡ አገሩ ሌላ ነው፤ ደጋው ባንድ ጊዜ ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል፤ ደብረ ሲናም የገደሉ ወገብ ላይ ተለጥፋ ትታያለች። የዚህ ዋሻ ስም ማን ነው ተብሎ የተማረው ተሳፋሪ ቢጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይላል። ሾፌሩም ይላል፤ የጉብኝት መጽሐፉም ይላል።

ነገሩን እናስተውለው። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር አበባ የሚያኖር ሕዝብ፣ ዓድዋን በፈረስና በቀረርቶ የሚያከብር ሕዝብ፣ ከርእሰ ከተማው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለችን በር በወራሪው አለቃ ስም ይጠራል። ስሙን ማንም በአዋጅ አልጫነብንም። ማንም አያስገድደንም። አፋችን ለምዶት ነው የምንጠራው። በጣርማ በር ላይ ከዋሻው በፊት ምን እንደሆነ፣ እነማን እንደቆሙበት፣ እነማን እንደወደቁበት ስላልተነገረን ባዶውን ቦታ ሙሶሊኒ ያዘው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ አንድ የዋሻ ስም ብቻ ብዬ አይደለም። በዚህች አገር ባለፈው አንድ መቶ ዓመት ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ቁጥር፣ ወይም ሊዞር በተቃረበ ቁጥር፣ ደብረ ሲናና አካባቢዋ የሠራዊት ኮቴ ሳይሰሙ አልቀሩም። ከወሎ ወደ ሸዋ የሚመጣ ሁሉ ከዚህ ገደል ጋር መፋጠጥ ግድ ይሆንበታል። ቀደምቶቹ ለዚህ ነው ቦታውን «በር» ያሉት። በር ደግሞ ጠባቂም፣ ሰባሪም፣ አላፊም አለው። ሦስቱም በዚህ ታይተዋል። የሚገርመው ሦስቱም የተረሱ መሆናቸው ነው።

ከ1909 ዓ.ም. እንጀምር። መስከረም 17 ቀን ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው በአዲስ አበባ ታወጀ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሰገሱ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ከነጦራቸው አለቁ፤ ከስምንት ቀን በኋላ ሰገሌ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል በነበረችው ሳምንት የኢትዮጵያ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መልክ ተወሰነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰገሌን የታሪክ መጽሐፍ ያነሳዋል። ቶራ መስክን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የተሸነፈ ጦር መቃብር ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አሸናፊዎቹ ያለቁት የእነርሱው ወገኖች ሆነው ሳለ እንኳ ቦታውን አላስታወሱትም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ሚያዝያ 1928።

ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ደሴ ገብቶ ከአንድ ሺህ በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ፋሺስቶች ይህን ጉዞ «የብረት ፈቃድ ግሥጋሤ» ብለው በጋዜጦቻቸው አስተጋቡለት። በመንገዱ ላይ ሊያቆመው የሚችል መደበኛ ጦር አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ይሄዱ ዘንድ ተወስኖ ነበር። በዚያች የመጨረሻ ሳምንት ወደ ጣርማ በር እንዲወጡ የታዘዙት እነማን ነበሩ? የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች! ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ሥልጠናቸው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከስዊድናዊው አስተማሪያቸው ከካፒቴን ቪኪንግ ታም ጋር፣ በክፍሌ ናሲቡ አዛዥነት፣ ብዙ ልምምድ የሌላቸውን ወታደሮች ይዘው ያንን ገደል እንዲጠብቁ ተላኩ።

ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር፤ አልጠበቁትም። ሊጠብቁት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ከኋላቸው መንግሥት እየፈረሰ፣ ከበታቻቸው ወታደሩ እየተበተነ፣ ከፊታቸው አውሮፕላንና መድፍ እየመጣ ነበር። ይሁን እንጂ የጣርማ በር መንገድ በኢትዮጵያውያን እጅ ተንዶ ስለጠበቀው የባዶሊዮ ሰልፍ ከአንድ ቀን በላይ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ተገትሮ ድንጋይ ሲሸከምና መንገድ ሲጠግን ቆየ። በመላው የደሴ መንገድ ላይ «የብረት ፈቃዱን» ከምር ያቆመው ነገር ይህ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ከጣርማ በር የተመለሱት ወጣቶች ወደ ቤታቸው አልገቡም። ከሌሎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጋር ወደ ነቀምት ሄደው በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቆሙ። የማኅበሩን አሥር አንቀጾች ያሉት ደንብ ያነበበ ሰው መደነቁ አይቀርም። ፖለቲካዊው አመራር ከወታደራዊው በላይ ይሁን ይላል። ገበሬውን አታንገላቱ ይላል። ምርኮኛ በሰብአዊነት ይያዝ ይላል። አገር ጥሎ መሰደድን ይከለክላል። ይህ በ1928 ዓ.ም. የተጻፈ ነው፤ ኋላ በ1960ዎቹ «አብዮት» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ከመግባቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ። ማኅበሩ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 1929 እጁን ለመስጠት ተገደደ። ከሁለት ወር በኋላ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ፋሺስቱ የተማረውን ሁሉ እየለቀመ ፈጀ። ክፍሌ ናሲቡም ከተገደሉት አንዱ ነው።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ዋሻው እንመለስ። ኢጣሊያኖች አገሩን ከያዙ በኋላ ያን የተናደ ገደል መልሰው እየጠገኑ መኖርን አልወደዱም፤ ተራራውን ወጉት። ዋሻው የተቆፈረው ለእኛ መመላለሻ ተብሎ አልነበረም። ጣርማ በር እንደገና በር እንዳይሆን፣ ማንም ካዴት እንደገና ሊዘጋው እንዳይችል ነው። ዛሬ ለአውቶቡሳችንና ለእህል ጫኙ መኪናችን ማገልገሉ መልካም ነው፤ ድንጋይ ጠላት የለውም። ስሙ ግን ድንጋይ አይደለም። በሩን የዘጋውን ወጣት ረስቶ በሩን የሰበረውን ማስታወስ ምን ይባላል?

«ታሪክ ነው፤ ስሙን መለወጥ ታሪክን መሰረዝ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ክርክሩን አከብራለሁ፤ በአገራችን የጎዳና ስም ከመንግሥት ጋር ሲቀያየር ስላየን ሥጋታቸው መሠረት አለው። ነገር ግን ታሪክን መጠበቅ ከሆነ ዓላማቸው፣ በዋሻው አፍ ላይ ማን እንዳስቆፈረው፣ መቼና ለምን እንዳስቆፈረው በሰሌዳ ይጻፍ። እስማማለሁ። ቆፋሪው መጠቀሱ አንድ ነገር ነው፤ በሩ በእርሱ ስም መጠራቱ ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ርቄ ወደ ሜክሲኮ ልሂድ። ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ የታክሲ ረዳት የሚጮኸው በከንቱ አይደለም፤ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትውጥ ድርጊቱን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች አደባባዩ በስሟ ተሰየመ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. አገሪቱን ጎብኝተዋል። በሜክሲኮ ዋና ከተማም «ኢትዮጵያ» የተባለ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። የእኛ መዲና የሜክሲኮን ስም፣ የእነርሱ መዲና የእኛን ስም በአክብሮት ተሸክሞ እያለ፣ የደብረ ሲና ራስጌ የሙሶሊኒን ስም መሸከሙ ትንሽ አያሳፍርም?

ሜክሲኮ ውስጥ ጓናጁዋቶ የምትባል የብር ማዕድን ከተማ አለች። እርሷም እንደ ደብረ ሲና የተራራ ከተማ ናት፤ እርሷም ዋሻ አላት፤ እንዲያውም ጎርፍ ለማስተላለፍ የተቆፈሩ ዋሻዎቿ ዛሬ መንገድ ሆነው መኪና ይመላለስባቸዋል። በመስከረም 1810 (እ.ኤ.አ.) ሚጌል ኢዳልጎ የተባለው የገጠር ቄስ ገበሬውንና ማዕድን ቆፋሪውን አስነሥቶ ወደዚህች ከተማ መጣ። የስፔን ሹማምንትና ባለጸጎች ገንዘባቸውንና ቤተሰባቸውን ይዘው የእህል ጎተራ በነበረው ግዙፍ ሕንጻ ውስጥ መሸጉ። በሚነገረው ታሪክ መሠረት «ኤል ፒፒላ» የሚባል አንድ ማዕድን ቆፋሪ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጀርባው አዝሎ፣ ጥይቱ ከላዩ እየነጠረ፣ ደጁ ድረስ ተጠግቶ በሩን አነደደው። ሰውየው በእርግጥ ነበረ አልነበረም እያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ ከተማዋ ግን ኮረብታው ላይ ግዙፍ ሐውልት አቁማለታለች። ልብ በሉ፤ ስማቸው የታወቀ፣ መኖራቸው ያልተጠረጠረ የሆለታ ካዴቶች አንዲት ሰሌዳ ሲናፍቁ፣ መኖሩ የሚያጠራጥር ሜክሲኮአዊ ቆፋሪ ከተማውን ሙሉ ከላይ ቁልቁል ይመለከታል።

የጓናጁዋቶ ታሪክ ሁሉ ያማረ አይደለም። አመፀኞቹ ጎተራውን ሰብረው ሲገቡ በውስጡ የነበረውን በጅምላ ፈጁት። ሁለት ወር ሳይሞላ የንጉሡ ጦር ተመልሶ በተራው ከተማዋን ተበቀለ። በ1811 ኢዳልጎና ሦስት ጓዶቹ ተገደሉ፤ ራሶቻቸውም በዚያው ጎተራ አራት ማዕዘኖች ላይ ተሰቅለው አገሪቱ ነጻ እስከወጣችበት እስከ 1821 ድረስ፣ አሥር ዓመት፣ እዚያው ቆዩ። ሕንጻው ዛሬ ሙዚየም ነው። ራሶቹ የተሰቀሉባቸው ማዕዘኖች አሁንም የአራቱን ሰዎች ስም ይዘው ይታያሉ። እኔን የሚስበኝ ከሐውልቱ ይልቅ ይህ ነው። ከተማዋ ድሉን ብቻ መርጣ አላስቀረችም፤ ቁስሉንም ግድግዳው ላይ ተወችው። ልጆች በትምህርት ቤት ተሰልፈው ሲጎበኙ የተፈጀውም፣ የፈጀውም፣ የተሰቀለውም በአንድ ሕንጻ ውስጥ ይገጥማቸዋል።

ሜክሲኮን ለማሞገስ ብቻ የመጣሁ እንዳይመስል፣ የሌላውንም ገጽ ልግለጥ። በ1910 የፈነዳው ሁለተኛው አብዮታቸው «መሬትና ነጻነት» ብሎ የተነሣ የገበሬ አብዮት ነበር። ውርሱን የያዘው ፓርቲ ስሙን «ተቋማዊ አብዮታዊ ፓርቲ» አለና በተለያየ ስም ከ1929 እስከ 2000 ድረስ ሰባ አንድ ዓመት ገዛ። አብዮትና ተቋም በአንድ ስም! በየዓመቱ በመስከረም ፕሬዚዳንቱ ከቤተ መንግሥት ሰገነት ሆኖ የጀግኖችን ስም እየጠራ ይጮኻል፤ ሕዝቡም ይመልሳል። በጥቅምት 1968 ግን ይኸው የአብዮት ወራሽ መንግሥት ትላቴሎልኮ በተባለ አደባባይ ላይ ተማሪዎችን በጥይት አጨደ። ሐውልት የሚያቆም እጅ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ይህን እኛ ከማንም የበለጠ እናውቀዋለን፤ በ1977 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልትና በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አንዱ የሌላውን ታሪክ እንደተፋጠጠ ይኖራል።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። «አብዮት» ከግእዙ «አበየ» የመጣ ነው፤ እምቢ አለ ማለት ነው። ሌሎች ሕዝቦች ለዚህ ነገር የሰጡት ስም መዞርን፣ መገልበጥን ያመለክታል። የእኛው ግን እምቢታን ነው የያዘው። በዚህ ትርጉሙ ከወሰድነው የጣርማ በር ካዴቶች ቃሉ ሳይወለድ ያደረጉት አብዮት ነበር። ኋላ ስሙን የያዙት ደግሞ አንዳንዴ እምቢ የሚልን ሁሉ ሲገድሉ ኖረዋል።

ይህ አካባቢ ያንንም አይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በደቡብ ጭሰኛው ደስታውን የሚይዝበት አጥቶ ነበር፤ «መሬት ላራሹ» ከ1957 ጀምሮ የተማሪው መፈክር የሆነው በእርሱ ስም ነውና። ለአንድ ቤተሰብ ከአሥር ሄክታር አይበልጥም የሚለው ድንጋጌ የባላባቱን ጀርባ ሰበረ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የመንዝ ገበሬ ድሃ ቢሆንም ባለርስት ነው፤ ከአባቱ ያገኘው መሬት ትንሽ ብትሆንም የእርሱ ናት። «መሬት ሰጥተንሃል» ሲባል «የራሴን ነው የምትሰጡኝ?» ብሎ ቢጠራጠር ምን ይፈረድበታል? የራስ ብሩ ልጆች መስፍንና መርዕድ መንዝ ውስጥ ሸፍተው ተከታይ ማግኘታቸው በባላባት ፍቅር ብቻ የሚተረጎም አይመስለኝም። በአዲስ አበባ የተጻፈ አብዮት የመንዝን ርስት አላነበበም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከሌላው ጫፍ ሰው መጣ። የኢሕአፓ መሪ የነበረው ብርሃነ መስቀል ረዳ ከድርጅቱ ጋር በስልት ተጣልቶ ወደ ሰሜን ሸዋ ገጠር ወጣ፤ ተያዘ፤ በ1971 ዓ.ም. ደርግ ገደለው። የባላባት ልጆችና የተማሪው አብዮት መሪ፣ በዓላማ እሳትና ጭድ የሆኑት፣ በጥቂት ዓመት ልዩነት እነዚሁን ተራሮች ተጠግተው አለቁ። ገደሉ ለማንም አያዳላም።

የአርበኞቹን አምስት ዓመት ዘልዬ ማለፌን ያስተዋለ አንባቢ አይጠፋም። ብዙ ስለተባለበት ነው። ራስ አበበ አረጋይ በመንዝ፣ በቡልጋና በአንኮበር ዙሪያ ጠላትን እንዴት እንዳንገላቱ የሸዋ ሰው ሲያወራ ያድጋል። ያልተባለው ግን የዘረት ዋሻ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በዚህ በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለ ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችን፣ ሴቶችንና ሕጻናትን በመርዝ ጋዝ አፍኖ ፈጀ። ማስረጃውን ከሰነድ ቤት አውጥቶ፣ ቦታውንም ድረስ ሄዶ ለዓለም ያሳወቀው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ ነው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ2006። የአካባቢው ሰው ከዚያ በፊት ያውቅ እንደነበር ግልጽ ነው፤ አጥንቱ ዋሻው ውስጥ ነበርና። እኛ የከተማ ሰዎች ነን ኢጣሊያዊ እስኪነግረን የጠበቅነው። እንግዲህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሁለት ዋሻ አለ ማለት ነው። በአንደኛው እናልፋለን፤ በሙሶሊኒ ስም እንጠራዋለን። ሁለተኛው የሙሶሊኒ ሥራ ነው፤ ስሙን አናውቅም።

ራስ አበበ በ1953 የታኅሣሥ ግርግር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። የሆለታ ካዴት የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም እዚያው ክፍል ውስጥ ወደቁ። ፋሺስት ያልገደላቸውን አርበኛና ካዴት፣ ለለውጥ የተነሡ ኢትዮጵያውያን ገደሏቸው። ይህን የማነሳው የንዋይ ልጆችን ለመክሰስ አይደለም፤ ስለ ማስታወስ ስናወራ ማስታወስ የሚከብደው የትኛው እንደሆነ ለማመልከት ነው።

ከዚያም የራሳችን ዘመን መጣ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ነደደች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና ደረሰ፤ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን «ውጡ» ያሉት የዚህን በር ርቀት ከአዲስ አበባ እየለኩ ነበር። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የሚደረገው ውጊያም ያንኑ ጎዳና ደጋግሞ ዘጋው። ከደብረ ሲና ቆሎ ገዝቶ፣ ብርዱን ተራግሞ፣ ወደ ወሎ የሚወርደው መንገደኛ ስንት ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ ተመልሶ አደረ? የከተማዋ ሰው ደግሞ የሚመለስበት ሌላ ከተማ የለውም። ጦር መጣም ሄደም፣ እርሱ በሩ ላይ ነው የሚኖረው። መሬቱም ራሱ አያርፍም፤ በመስከረም 1998 በይዛባና በሾተል አምባ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ሺዎችን ያለ ቤት አስቀርቷል።

«ሕዝቡ ሰላም አጥቶ፣ ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ፣ አንተ ስለ ሰሌዳ ታወራለህ» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ነው። ሰሌዳ ዳቦ አይሆንም። ግን ልጠይቅ፤ ዛሬ በዚያ ተራራ ላይ በሁለቱም ወገን ጠመንጃ የያዙት ወጣቶች፣ በ1928 እዚያው ቦታ ላይ የቆመው ወጣት የጻፈውን «ገበሬውን አታንገላቱ፤ ምርኮኛ በሰብአዊነት ይያዝ» የሚል ደንብ ማን ነገራቸው? የካዴቶቹን ስም ከነደንባቸው ብናወርሳቸው ኖሮ ጦርነት አይኖርም ነበር ብዬ አላሞኝም። ቢያንስ ግን የሚያፍሩበት መለኪያ ይኖራቸው ነበር። ወራሪ ለሚባል ጠላት እንኳ ይህን ያህል ሕግ ያወጣ ኢትዮጵያዊ ነበረና።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን ለባለቤቱ እንመልስ፤ ጣርማ በር የሚል ያማረ ስም ከነበረው ቦታ ሌላ ስም መፈለግ አያስፈልግም። ጋዜጠኛው፣ መምህሩ፣ አስጎብኚው «የጣርማ በር ዋሻ» ማለት ቢጀምር በአንድ ትውልድ ውስጥ ይለመዳል። ከዚያ በዋሻው ሁለት አፎች ላይ ድንጋይ ይቁም። የፓርቲ አርማ የሌለበት፣ የመረቀው ባለሥልጣን ስም ከካዴቶቹ ስም በልጦ ያልተጻፈበት ይሁን፤ እኛ አገር ሰሌዳ ሲመረቅ ስሙ በትልቁ የሚቀረጸው የሞተው ሳይሆን ሪባን የቆረጠው ነውና ይህን አስቀድሞ መናገር ይበጃል።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ድንጋዩ አይደለም፤ ሰዎቹ ናቸው። በደብረ ሲና፣ በመዘዞ፣ በአንኮበርና በመንዝ የ1966ቱን፣ የቀይ ሽብሩን፣ የ1983ቱን ዓይተው ዛሬም በሕይወት ያሉ አረጋውያን አሉ። የ2014ቱን ያየማ ሕጻኑም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አሉት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ከሚንከራተቱ፣ መንገዱ ሰላም ባገኘ ቀን መቅረጸ ድምፅ ይዘው አምሳ ኪሎ ሜትር ቢወጡ ምን ይጎዳቸዋል? የመንግሥት ወታደር የገደለበትም፣ የፋኖ ታጣቂ የገደለበትም፣ የትግራይ ተዋጊ የዘረፈውም እኩል ይነገርለት። ማን ተናገረ ማን ዝም አለ ብሎ የሚመዘግብ ካድሬ አይከተላቸው እንጂ ሰዉ ይናገራል።

ያኔ በጣርማ በር ድንጋይ ላይ ከሚያዝያ 1928 በታች ሌሎች ዓመታትም ሊጻፉ ነው። በየትኛው ቅደም ተከተል፣ በማን ቃል የሚለው ያጣላናል። ይጣላን። በጽሑፍ መጣላት የደብረ ሲና ሰው እስካሁን ካየው ጠብ ሁሉ የቀለለ ነው።